እናቴን ጤና ጣቢያውም ማህበራዊ ጉዳዩም "የኛ አይደለችም" እያሉ ነው፣ ደሴ ላይ ሁለቱን ያገናኘ ሰው አለ?

የሀረጎ መንገደኛ (ጠያቂ)

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ትንሽ ይረዝማል አውፍ በሉኝ። እናቴ 71 አመቷ ነው፣ ቤታችን ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ስትሮክ መታትና ግራ እጇም ግራ እግሯም አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል 11 ቀን ተኛችና ከዛ ግፊቷ ወርዷል ሌላው ቤት ነው የሚሻላት ብለው አስወጡን፣ ወረቀት ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስን፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ መድሃኒቷን በየወሩ ይሰጡናል እግዜር ይስጣቸው፣ እሷን ግን ይዘሽ ነይ ነው የሚሉት። እንዴት አድርጌ? ባጃጁ እቤት ድረስ አይወጣም፣ ወጣቶች ለምነን በወንበር ነው የምናወርዳት።

እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሺፍት ነው። 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ የሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ የሀረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታችሁ እናታችሁን አጥባችሁ አብልታችሁ ተመልሳችሁ ለመግባት ሞክሩትና ንገሩኝ። ቀን ቀን የአክስቴ ልጅ ናት አብራት የምትሆነው፣ ልጅ ናት ገና፣ ትምህርቷንም አቋርጣለች፣ እሱ ራሱ ሌላ ሀጢያት ነው።

አሁን የተናደድኩበት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ዳይፐር። የአዋቂ ዳይፐር። የጤና መድን ካርድ አለን፣ ይሄ መድሃኒት አይደለም እኛ አንሸፍንም አሉኝ። እሺ ብዬ ማህበራዊ ጉዳይ ሄድኩ፣ ይሄማ የህክምና እቃ ነው ጤና ጠይቂ አሉኝ። አንዱ ቢሮ ከሌላው ቢሮ ያለው እኮ አንድ ግቢ ውስጥ ነው! ወላሂ መሃሉ ላይ ቆሜ ሳቄ ነው የመጣው። እና በዛ መሃል ወገቧ ስር ቀልቶ ጀምሮላታል፣ የአልጋ ቁስል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ማንን ነው የምጠይቀው?

ጥያቄዬ፦ ቤት ለቤት የሚመጣ ነርስና ሶሻል ወርከር አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል ወይ? ያደረገው ሰው ካለ በየት በኩል ነው የገባው?

ጦሳ ስር

አብሽሪ እህቴ አላህ አፊያዋን ይመልስላት። የኔም አያት እንደዚሁ ነበሩ፣ እኛ ማንንም አልጠየቅንም ወንድማማቾቹ ተራ ገብተን ነው ያስታመምነው። ዳይፐሩን ፒያሳ በጅምላ ከሚሸጡት ጋ ጠይቂ ከፋርማሲ ይቀንሳል። ሌላውን ሲስተሮቹ ይንገሩሽ።

ሲስተር ነኝ ግን ቤቴ አልመጣም በሉኝ

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ ደሴ ውስጥ፣ ቀበሌዬን አልናገርም ምክንያቱም ነገ በሩን ታጨናንቁታላችሁ ሃሃ።

መጀመሪያ ስለ ወገቧ፣ ይሄ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። የቀላውን ቦታ በጣትሽ ጫን አርገሽ ልቀቂው፣ ነጣ ብሎ ከተመለሰ ገና ነው፣ ካልነጣ የአልጋ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው። በየ2 ሰአቱ ገልብጧት፣ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ፣ የደከመው ጎን ላይ አታቆይዋት። ጀርባና ጉልበቷ መሃል ትራስ፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ስር ጠቅልላችሁ ነገር አድርጉ። አንሶላው አይጨማደድ፣ እርጥብ ሆና አትደር። እና የቀላውን ቦታ አትሹት! ሰው በፍቅር ቅባት እያሸ ነው ቆዳውን የሚገፈው። ክፍት ከሆነ ወይ ከሸተተ በዛው ቀን ለጤና ጣቢያ ንገሩ።

ምግብ ስትሰጧት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ ተኝታ አታጉርሷት፣ ካሳላት አቁሙ። የግፊት መድሃኒቷን ደህና ነኝ ብላ እንዳታቋርጥ፣ እዚህ ከተማ ላይ ሁለተኛ ስትሮክ ይዟቸው የሚመጡትን ብትጠይቂ አብዛኛው ታሪኩ ያ ነው፣ "ተሽሎኝ ነበር"።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ የገጠሩ ጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር ሀሳቡ እናትና ህጻን፣ ክትባት፣ ሽንት ቤት፣ ወባ ነበር፣ የከተማው እኛ በ2002 አካባቢ ስንገባ ነርሶች ሆነን ነው የገባነው ግን ልማዱ ያው ነው፣ ሪፖርት የምንጠየቀው ስንት ነፍሰ ጡር አየሽ ነው እንጂ ስንት አልጋ ላይ የቀረ ሰው አገላበጥሽ ብሎ የጠየቀኝ አለቃ እስካሁን የለም። ከዛ በኋላ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሰራር መጣ፣ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ከኛ ጋር ሆኖ ቤቶችን በኑሮና በህመም ለይቶ ቅድሚያ ለሚያስፈልገው ቤት ድረስ እንዲሄድ ነው። ጥሩ ሀሳብ ነው ወረቀቱ። ግን ቤትሽ በዛ ልየታ ውስጥ ካልገባ ማንም አይመጣም፣ እናትሽ የተመዘገበችው ድሮ በእግሯ ስትሄድ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ላይ ጤነኛ ናት። ስለዚህ "አልጋ ላይ የቀረች ታማሚ አለች፣ የቤቱን ልየታ አድሱልን" በይ፣ በዚሁ ቃል። ነርስ ይላክልኝ ካልሽ ሰው የለም ይሉሻል፣ ልየታው ይታደስ ካልሽ ግን ስራቸው ነው።

ቦሩ ሜዳ

ሰው ይቆጣኝ ይሆናል ግን ልናገር፣ ልጅ እያለ ቀበሌ ምን አገባው? ወሎ ላይ እናት ትጦራለች እንጂ በፎርም ትተዳደራለች እንዴ? ህጉም ቢሆን ልጅ ወላጁን ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ነው የሚለው። እንደ ፈረንጅ ሆንን።

የሀረጎ መንገደኛ

ወንድሜ ቦሩ ሜዳ፣ ቀለቡን እኮ እየሰጠሁ ነው፣ ወንድሜም ከጅዳ ሲገኝለት ይልካል። እኔ ጡሩልኝ አላልኩም። ቁስል ማየት አልችልም፣ የደከመ እግር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አላውቅም ነው ያልኩት። አንተ ታውቃለህ? ድሮ ሰው ስትሮክ ሲመታው በሳምንቱ ነበር የሚሄደው፣ አሁን አልሀምዱሊላህ ይተርፋል፣ ተርፎ ደግሞ አመት ሁለት አመት አልጋ ላይ ነው፣ እናቶቻችን የጦሩት እንደዚህ አይነት ጡረታ አልነበረም።

ሲስተር አመሰግናለሁ፣ ጫን አርጌ አየሁት ይነጣል። ልየታ የሚለውን ቃል ጻፍኩት።

የሆጤ ልጅ በሊድስ

ሰላም፣ እኔ እንግሊዝ ነው ያለሁት ኬር ወርከር ነኝ፣ የሰው እናት እያጠብኩ የኔዋ ደሴ ናት፣ እሱን ተዉት። የዳይፐሩን ነገር ሳነብ ግን ስልኬን አስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም እዚህም ያው ነው! እዚህ ሰዎች ለአመታት የተከራከሩበት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሽማግሌውን ገላውን ማጠብ "የጤና ሻወር" ነው ወይስ "የማህበራዊ ሻወር"። የጤና ከሆነ ነርሷ ታጥባለች በነጻ ነው፣ የማህበራዊ ከሆነ እንደኔ አይነቷ ታጥባለች ሰውየውም እንደ ሀብቱ ይከፍላል። ውሃው አንድ ነው ሳሙናው አንድ ነው።

ይሄ የመጣው ሁለቱ ገና ሲወለዱ ስለተለያዩ ነው። በነሱ አቆጣጠር በ1948 ህክምናው ለሁሉም በነጻ በመንግስት ስር ሆነ፣ የአዛውንት እንክብካቤው ደግሞ በማዘጋጃ ቤቶች ስር ቀረ፣ እሱ በነጻ አይደለም። አሁንም እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ንብረት ያለው ሰው እንክብካቤውን ከኪሱ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ ተሽሏቸው ዶክተሩ ውጡ ያላቸው ሰዎች ቤት የሚጠብቃቸው ኬር ስላልተዘጋጀ ብቻ አልጋ ይዘው ሳምንት ይቀመጣሉ። እናንተ ጋ ያስወጣሉ፣ እነዚህ ጋ ያስቀምጣሉ፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ለማዋሃድ ያልሞከሩት የለም። ሰሜን አየርላንድ፣ ይሄም በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ከ1973 ጀምሮ ጤናውም ማህበራዊውም አንድ መስሪያ ቤት ነው። ስኮትላንድ በ2014 ህግ አወጣች፣ እዚህ ደግሞ በ2022 በአዲስ ህግ አገሩን 42 ቦታ ከፋፍለው ሆስፒታሉም ማዘጋጃ ቤቱም አብራችሁ አቅዱ ተባለ። በኔ ስራ ላይ የተለወጠ ነገር? እውነት ለመናገር እኔ እስካሁን ቁስል ሳይ ፎቶ አንስቼ ለቢሮዬ እልካለሁ፣ ቢሮዬ ለነርሶቹ ይደውላል፣ ነርሷ በሁለተኛው ቀን ትመጣለች፣ በር ላይ እንኳን አንገናኝም።

የሰራላቸው አንድ ቦታ ግን አለ፣ ቶርቤይ ይባላል ባህር ዳርቻ ነው፣ አዛውንት የበዛበት። ስልጠና ላይ ነው የሰማሁት። ምን አደረጉ፣ ሚስስ ስሚዝ የምትባል አሮጊት በሀሳባቸው ፈጠሩ፣ የለችም፣ ከዛ ማንኛውንም አሰራር ሲያወጡ "ይሄ ለሚስስ ስሚዝ ይቀላታል ወይ" ብለው ይጠይቃሉ። ነርሱን፣ ሶሻል ወርከሩን፣ ፊዚዮቴራፒስቱን በየሰፈሩ አንድ ቡድን አድርገው አስቀመጡ፣ በጀቱንም አንድ አደረጉ። ዋናው ነገር ግን ለየቡድኑ አንድ አስተባባሪ ቀጠሩ፣ ነርስም ሶሻል ወርከርም ያልሆነች፣ ስራዋ ስልክ ማንሳትና ማገናኘት ብቻ። ሚስስ ስሚዝ አንድ ስልክ ትደውላለች፣ ማን እንደሚመጣ የሷ ጭንቀት አይደለም።

እና እህቴ አሁን ያ አስተባባሪ አንቺ ነሽ፣ ግን ሺፍት ላይ ነሽ ስልክሽም ሎከር ውስጥ ነው። ስራውን ለሌላ ሰው ስጪ። የግድ የተማረ አይደለም፣ ቤት ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ሰው የማይፈራ።

የቅሬ ጸሐፊ

ልጄ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የሰፈራችን ቅሬ (እድር ማለት ነው) ጸሐፊ ሆኜ ረጅም ጊዜ አገልግያለሁ። የሊድሱ ልጅ የተናገረው አስተባባሪ እኛ ጋ ስም ሳይወጣለት የነበረ ነገር ነው። ቅሬ ለቀብር ብቻ መስሎ የሚታያችሁ አላችሁ፣ ቅሬ የማን ቤት ማን እንደታመመ ከማንም መዝገብ ቀድሞ ያውቃል። ችግሩ ሰው ሲሞት ድንኳን ይዘን እንሮጣለን እንጂ ታሞ አልጋ ሲይዝ ለጥየቃ ሄደን ብርቱካን አስቀምጠን እንመለሳለን። በዚህ ራሴንም እወቅሳለሁ።

አሁን ስለ ማህበራዊ ጉዳዩ በኩል የማውቀውን ልንገርሽ። ድሮ ሰራተኛና ማህበራዊ ጉዳይ ይባል ነበር አሁን ከሴቶች ጋር ነው ያለው፣ በፌደራል ደረጃ ከ2014 ወዲህ ማለት ነው። በር ላይ የቆመው ልጅ የሚነግርሽን አትመኚ፣ ማመልከቻሽን በጽሁፍ አስገቢና ቁጥር ተቀበይ። ደሴ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ በ2009 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፣ ያኔ በኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሴፍቲኔት ሲባል ሰው ጎዳና ጠረጋው ብቻ ይመስለዋል፣ መስራት የማይችል አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ደግሞ ሳይሰራ በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይያዛል ነበር የሚለው መመሪያው። እንዲያውም ከተጠቃሚው 16 ከመቶው ለነዚህ ነበር የታሰበው። አሁን ምልመላው መቼ እንደሚከፈት ቀበሌ ጠይቂ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ምልመላው በነዋሪ ፊት ነው፣ ጅዳ ልጅ አላት ብሎ የሚያነሳ ጎረቤት አይጠፋም። ስለዚህ ወንድምሽ ስንት ጊዜ እንደላከ ደብቀሽ ሳይሆን በግልጽ ተናገሪ፣ ከተደበቀ በኋላ ከወጣ ትሰረዣለሽ።

ቦሩ ሜዳ ለተባልከው ልጄ፣ መጦር ማለት ብቻን መጦር ማለት አይደለም። አባቴን እኔ ጦሬያለሁ፣ ስምንት ሆነን ነበር።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ስለ ጤና መድኑ አንድ ነገር ላክል። ብዙ ሰው የማያየው ነገር ካርዱ የቤተሰብ ነው፣ እናትሽ በራሷ ካርድ ናት ወይስ ባንቺ ስር? ባንቺ ስር ከሆነች ተጨማሪ አባል ተብላ መመዝገቧን አረጋግጪ፣ ካልሆነ ሆስፒታል ላይ ስሟ አይገኝም። እና ሁሌ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ሪፈር ሳይጻፍ ሆስፒታል ከሄድሽ ሂሳቡ ካንቺ ኪስ ሊወጣ ይችላል። ምዝገባና እድሳቱ በአመት አንዴ ስለሆነ ቀኑ እንዳያልፍሽ። ለነገሩ እኛ ወሎዎች ለመድኑ እንግዳ አይደለንም፣ በ2003 ሙከራው በ13 ወረዳ ሲጀመር ተሁለደሬ፣ ሀይቅ ያለችበት ወረዳ፣ አንዱ ነበር፣ ያኔ የሀይቅ ዘመዶቻችን ሳንታመም ለምን እንከፍላለን ሲሉ አስታውሳለሁ።

በነገራችን ላይ ዳይፐሩ ላይ ተስፋ አትቁረጪ የሚልሽን ሰው አትስሚ፣ ቁረጪ። ያ ነገር ሽፋኑ ውስጥ የለም፣ ጊዜሽን በሱ አትጨርሽ፣ ሌላውን አስጨርሺ።

ሲስተር ነኝ ግን ቤቴ አልመጣም በሉኝ

የቅሬ ጸሐፊ አባታችን ያሉት ላይ አንድ ነገር። እኛ ሁለቱ ባለሙያዎች ማለቴ እኔና የቀበሌው ሶሻል ወርከር እንተዋወቃለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ግን እኔ የማየውን ቤት እሱ አያውቅም እሱ የሚያየውን እኔ አላውቅም፣ የኔ ፎርም ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄደው የሱ ወደ ሌላ ቢሮ። በአንድ ቀን እንድንመጣ የሚያደርገን ህግ የለም፣ ሰው ከለመነን ግን እንመጣለን። ሐሙስ ከሰአት ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ሲመጡ ደግሞ አንድ ደብተር አልጋዋ አጠገብ ይኑር፣ ግፊቷ፣ የተገለበጠችበት ሰአት፣ የመጣው ሰው ስምና ያለው ነገር። ሁለታችንም እሱ ላይ እንጻፍ። ያ ደብተር ከኛ ፎርም ሁሉ ይበልጣል።

የሀረጎ መንገደኛ

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አንዳንዶቻችሁ ኢንቦክስ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው።

ልየታው ይታደስ ያልኩት ሰራ፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ መጀመሪያ ማን ነገረሽ ነው ያለችው ሃሃ። ደብተር ገዛሁ። አስተባባሪ ያደረግናት የአክስቴን ልጅ አይደለም፣ እሷን ወደ ትምህርቷ መልሰናታል የከሰአት ፈረቃ ገብታለች፣ ጎረቤታችን እትየ ናቸው፣ ማንበብ አይችሉም ግን ስልካቸውን በአንድ ጥሪ ነው የሚያነሱት፣ ቀበሌም ገብተው ቢጮሁ ማንም አይቆጣቸውም። ደብተሩን የሚጽፈው የመጣው ሰው ነው፣ እሳቸው ማን መጣ ማን ቀረ ነው የሚይዙት፣ በጭንቅላታቸው፣ ከኔ ኤክሴል ይሻላሉ።

ነርሷና ሶሻል ወርከሩ ባለፈው ሐሙስ አንድ ላይ መጡ። ቁጭ ብለው ሲያወሩ ያወቅነው ነገር ምን መሰላችሁ፣ እናቴ ማታ ማታ ውሃ እምቢ የምትለው በህመም አይደለም፣ ቤተሰቡን ላለማስቸገር ነው፣ ሽንት እንዳትፈልግ። ይሄን ለነርሷ አልነገረችም ለሱ ነው የነገረችው፣ ነርሷ ደግሞ ወዲያው ሽንቷ የጠቆረው ለዚህ ነዋ አለች። ለየብቻ ቢመጡ አንዱ ምልክቱን ይይዛል ሌላው ምክንያቱን ይይዛል እኔ ሁለቱንም አላገኝም ነበር።

የእግር እንቅስቃሴ አሳዩን፣ ጠዋትና ማታ፣ ትሳደባለች ስናንቀሳቅሳት፣ ስድቧ መመለሱ ራሱ ደስ አለኝ። ወገቧ ደህና ነው።

ሴፍቲኔቱ ጥበቂ ነው የተባልኩት፣ የጅዳውን በግልጽ ነው የተናገርኩት አባታችን። ዳይፐሩ ያው ነው። ቅሬያችን ግን ስብሰባ ላይ ነገሩ ተነስቶ ለታመመ ቤት ከመዋጮው ትንሽ ይውጣ ተብሎ ግማሹ እሺ ግማሹ ዳይፐር በቅሬ ብር? ብለው ሲሳሳቁ ሳይወሰን ተበትኗል። በሚቀጥለው ወር ይነሳል።

አሁን የቀረኝ ዊልቸር ነው። ያገለገለ የሚሸጥ ወይ የሚያውስ ካለ፣ ፒያሳም ሸዋበርም ቢሆን መጥቼ እወስዳለሁ፣ ጎማው ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፣ ዳገቱን ታውቁታላችሁ።

ቦሩ ሜዳ

የአባቴ አለ። አንድ ጎማው ይበላል ግን ይታሰራል። ቅዳሜ ራሴ አመጣዋለሁ፣ አድራሻውን በውስጥ ላኪልኝ።